ማማ ለማሽላው፣ ወንፊት ለጭስ ማውጫው

ወፍ መጠበቅ በእኛ ቆላ ከፊደል በፊት የሚማሩት ትምህርት ነው። ማሽላው ራስ አውጥቶ ፍሬው ወተት መቋጠር ሲጀምር ከማሳው መካከል አራት ቋሚ ተተክሎ ማማ ይሠራል። ማማው ላይ ልጅ ይወጣል። በእጁ ወንጭፍ፣ በእግሩ ሥር የጠጠር ክምር፣ በትከሻው ላይ ጅራፍ ይኖረዋል። ገና ጎሕ ሲቀድ ይጮኻል፤ ፀሐይ ስትከር ጥቂት ያርፋል፤ ጥላ ሲረዝም ደግሞ እንደገና ይጮኻል። እኔም ዛሬ ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ብቆጥር፣ ማታ ማታም ግጥም ብሞነጫጭር፣ በሕይወቴ የተከፈለኝ የመጀመሪያው ደመወዝ ከማማ ስወርድ የተሰጠኝ የማሽላ እሸት ነበር።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አይደለም። ግሪሳ የምንላት ወፍ በመዳፍ ውስጥ የምትጠፋ፣ ክብደቷ ከ20 ግራም ብዙም የማያልፍ ፍጥረት ናት። በቀን የምትበላው እህልም 10 ግራም ገደማ ነው። ነገር ግን ብቻዋን አትመጣም። ሁለት ሚሊዮን ወፍ ያለበት መንጋ በአንድ ቀን 20 ቶን እህል ይጨርሳል፤ በገበያችን ቋንቋ 200 ኩንታል ማለት ነው። ስለዚህ ገበሬው በማማና በወንጭፍ ይከላከላታል። በ1962 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅትም ከአንበጣው ጎን ለጎን ግሪሳን በአውሮፕላን ርጭት ሲያሳድድ ኖሯል። ለእህላችን ስንል ከምድርም ከሰማይም ዘብ እንቆማለን።

ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት ግን ስለ ማሽላው አይደለም። ከዚያው ማሽላ እንጀራ ስለምትጋግረው ሴት፣ ስለ ማድ ቤቷና ስለ ጭስ ማውጫዋ፣ እንዲሁም በዚያ ጭስ ማውጫ ውስጥ ጎጆዋን ስለ ሠራች አንዲት ድንቢጥ ነው። ሴትዮዋ እናቴ ናት።

"በመተማ ደግሞ ምን የጭስ ማውጫ አለ?" የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በብርድ አገር ሰው በየሳሎኑ እንጨት የሚያነድደው ብርዱን ለመርታት ነው። በእኛ ቆላ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲያልፍ እንኳን እሳት ጥላም ያቃጥላል። እኛ እሳት የምናነድደው ለእንጀራ ነው፤ እንጀራ ደግሞ ሙቀት በዛ ብሎ የሚቀር ነገር አይደለም። ስለዚህ በብርድ አገር እሳት የበጋ ዕረፍት ሲኖረው በእኛ ማድ ቤት ግን ክረምት ከበጋ ይነድዳል። ቢያንስ በሦስትና በአራት ቀን አንዴ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል፣ አንዲት ሴት ፊቷን ከእሳት አፍ ፊት ለፊት አድርጋ ትቀመጣለች።

ከሦስት ጉልቻ የተሻለ ነገር እንዳለ አገሩ ካወቀ ቆይቷል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን ተሠርቶ የተስፋፋው ምርጥ የተባለው ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚቀረጽ ነው። አራት ቁራጮች ተገጥመው ምጣዱን ዙሪያውን ያቅፉታል፤ ከኋላው ደግሞ ጭሱ የሚያልፍበትና ድስት የሚጣድበት ተጨማሪ ክፍል አለው። እሳቱ በነፋስ ስለማይበተን ከክፍት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ እንጨት ይቆጥባል። ከዚህ ላይ ከላሜራ የተጠቀለለ ቱቦ ቢታከልበት ጭሱም ከቤት ይወጣል። የዕጣን ዛፋችን ሳይቀር በመጥረቢያ በሚመናመንበት ቆላ የግማሽ እንጨት ቁጠባ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔም በ2015 ዓ.ም. ለእናቴ ይህን ምድጃ ገዛሁላት። ገንዳ ውኃ ላይ በያጅ ፈልጌ ቱቦ አስጠቀለልሁ። ቱቦው ከግድግዳው በአግድም ወጥቶ እንደ ክርን ወደ ላይ ይታጠፍና ከቆርቆሮው ጣሪያ ከፍ ይላል። በያጁ ሥራውን ሲጨርስ "ጫፉ ላይ የሽቦ ወንፊት ላድርግበት?" ብሎ ጠየቀኝ። ዋጋውን ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። ብዙ አልነበረም። ነገር ግን የዚያን ዕለት ኪሴን ቆጥሬ ስለ ነበር "እሱ እንኳ ይቆይ" አልሁት። ይህች "ይቆይ" የምትባል ቃል በእኛ አገር ስንት ነገር እንዳበላሸች ቢጻፍ አንድ መጽሐፍ አይበቃትም።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት እናቴ እኅቴን ለማረስ ወደ ጎንደር ወጣች። ሁለት ወር ያህል ቆየች። እኔ ከሥራ ወጥቼ ምግብ ቤት እየበላሁ ስለምገባ ምድጃው አልተለኮሰም። በእነዚያ ሳምንታት አንዲት ድንቢጥ ሣር በአፏ ይዛ ወደ ቱቦው ስትመላለስ አይቻለሁ። አይቼም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ስለ እርሷም አራት መስመር ጽፌያለሁ። ገጣሚ ነኝ የሚል ሰው ሞኝነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ወፏን አየሁ፣ ቱቦውን አላየሁም።

እናቴ በ2017 ዓ.ም. መባቻ ላይ ተመለሰች። ሊጡ ደረሰ፤ አብሲት ጣለች፤ ምጣዱን አሰሰች፤ ጭራሮውን ለኮሰች። እሳቱ ያዝ ባደረገ ጊዜ ጭሱ ወደ ቱቦው ይሄድ የነበረው ተመልሶ በምድጃው አፍ ወጣና ፊቷን መታት። "ልጄ፣ ምን ነካው ይኼ ነገር?" ብላ ጠራችኝ። እኔ ገብቼ ነበልባሉን ለማጠንከር ጎንበስ ስል እርሷ ጆሮዋን ቀና አደረገች። ከቱቦው ክርን ውስጥ የጫጩት ድምፅ ይሰማል። አንድም ቃል ሳትናገር የውኃውን ጣሳ አንሥታ እሳቱ ላይ ደፋችው።

እዚህ ላይ የተናገርሁትን መደበቅ እችል ነበር፤ ግን መደበቁ ለጽሑፉ አይጠቅምም። "እማዬ፣ አንድ ጊዜ በደንብ ብናነድደው ሣሩ ይቃጠልና ቱቦው ይከፈታል" አልኋት። ዘወር ብላ አየችኝ። "አንተ ልጅ፣ ሰው ቤቱ ሲቃጠል አይተህ አታውቅም? በዚህ አገር ተቀምጠህ? ወፍም ብትሆን ቤቷ ቤቷ ነው" አለችኝ። ከዚያም ምጣዱን አንሥታ ከአሮጌው ሦስት ጉልቻ ላይ ጣደችው። ጫጩቶቹ ክንፍ አውጥተው ሄዱ። እናቴ ግን ወደ ምድጃው አልተመለሰችም። በጥቅምት ቱቦውን ራሷ አስነቅላ ከአጥር ሥር አስቀመጠችው። "እንደገና መጥታ ብትወልድ እንደገና ልነሣ ነውን? ይቅርብኝ፤ ጭሱን ለምጄዋለሁ" አለች።

ውድ አንባቢ፣ የዚህ ጽሑፍ ቁም ነገር ይህች የመጨረሻ አረፍተ ነገር ናት። ጭስን የለመደ ሳንባ የለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንዳሰላው በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ በሚፈጠር የአየር ብክለት ምክንያት በመላው ዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ሕፃናት የሚታከሉበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በእኛም አገር እንጀራ የምትጋግር እናት ሕፃኗን የምታኖረው በጀርባዋ ላይ ነው። የሚያስነባው ጭስ ይታያል፤ የማይታየው ደግሞ አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። እሳት በቂ አየር ሲያጣና ጭሱ መውጫ ሲያጣ ይበረታል። በዝግ ቤት ከሰል አንድደው ተኝተው ያልነቁ ሰዎችን ወሬ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ላስረዳ። የጭስ ማውጫ ሞተር የለውም፤ ሥራውን የሚሠራለት የሙቀት ልዩነት ነው። የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ በቱቦው ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣ ከኋላው ቀዝቃዛውን አየር በምድጃው አፍ ይስባል፤ የተሳበው አየር እሳቱን ያጠነክረዋል። አንዱ ሌላውን ይጎትታል። በመካከል አንድ ጭብጥ ሣር ቢገባ ይህ ሁሉ ይቆማል። ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል፤ እሳቱ ይታፈናል፤ የታፈነ እሳት ደግሞ የበለጠ ያጨሳል። ጎጆው ደረቅ ሣርና ላባ በመሆኑ ከእሳት ጋር የተገናኘ ዕለት ይለኮሳል። ፍንጣሪው በጣሪያው ጫፍ ሲወጣ ደግሞ የጎረቤት የሣር ክዳን ይጠብቀዋል። በእኛ ሰፈር የቆርቆሮ ቤትና የሣር ጎጆ ትከሻ ለትከሻ የቆሙ ናቸው፤ የአንዱ ጥፋት የአንዱ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

ወፎቹስ ለምን ወደ ጭስ ማውጫ ይመጣሉ? ድንቢጥ ጎጆዋን በሽንቁር ውስጥ መሥራት ትወድዳለች። ነፋስ የማያገኘው፣ ጭልፊት የማይደርስበት፣ ዝናብ የማይመታው ጠባብ ቀዳዳ ለእርሷ ግንብ ነው። ድሮ ይህን የምታገኘው በሽማግሌ ዛፍ ግንድ ውስጥ ነበር። ዛፉን ቆርጠን ማገዶ ስናደርገው ማገዶው የሚነድድበትን ቱቦ ቤት አደረገችው። በአሜሪካም የሆነው ይኸው ነው። በዚያ አንድ የወፍ ዓይነት አለ፤ ጥንት በትላልቅ የዛፍ ሽንቁሮች ትኖር የነበረች፣ ደኑ ሲመነጠር ወደ ሰፋሪዎቹ የጭስ ማውጫ የገባች፣ ስሟም ከጭስ ማውጫው የተሰየመ። ዛሬ ጭስ ማውጫዎቹ በክዳን ሲዘጉና ሲፈርሱ ቁጥሯ እየቀነሰ በመሄዱ ወዳጆቿ ባዶ ማማ እየሠሩ ያኖሯታል። ወፏ ዕዳ አለባት ከማለታችን በፊት ዛፉን ማን እንደ ቆረጠው ማስታወስ ደግ ነው።

ከዚህ የበለጠ ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ የሽመላ ነው። ነጭ ሽመላ በጀርመንና በፖላንድ ከቤት ጣሪያና ከጭስ ማውጫ አናት ላይ ጎጆውን ይሠራል። የብርዱ ወራት ሲገባ ግን በአባይ ሸለቆ ቁልቁል ተጉዞ ወደ ሱዳንና ከዚያም ወደ ደቡብ ይወርዳል። በዚያ አገር የሽመላው ጎጆ ጭሱን እንዳይዘጋ ገበሬው ከጭስ ማውጫው ከፍ አድርጎ ወይም በአጠገቡ በቆመ ምሰሶ ላይ የብረት መቀመጫ ያበጅለታል። ሽመላው ጎጆውን እዚያ ላይ ይሠራል፤ ጭሱም በሥሩ ይወጣል። አባረሩትም አላቃጠሉትም፤ ቦታውን ለዩለት እንጂ። ገበሬው ይህን ያደረገው ስለራራ ብቻ አይደለም፤ የራሱ እሳት እንዳይታፈን ጭምር ነው። ርኅራኄና ብልኃት በአንድ ሽቦ ሊታሰሩ እንደሚችሉ ከዚያ ተማርሁ።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልመለስ። ባንክ ቤት የሚሠራ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ደብተር ማውጣትና መቆጠብ አንድ አይደሉም። ስንት ሰው በምረቃና በጭብጨባ መካከል ደብተር አውጥቶ ሁለተኛ መስኮታችን ላይ አልታየም! በሪፖርት ላይ ግን ያ ደብተር እንደ ተከፈተ ይቆጠራል። ምድጃም እንዲሁ ነው። ስንት ምድጃ ተሰጠ ተብሎ ይቆጠራል፤ ከዓመት በኋላ ስንቱ እየሠራ ነው ብሎ የሚቆጥር ግን ጥቂት ነው። በሰፈሬ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። አንዱ ቱቦ በጨርቅ ተወትፏል፤ አንዱ ተቆርጦ የጣሪያ አሸንዳ ሆኗል፤ በአንደኛው ቤት ምድጃው ውስጥ ዶሮ ታቅፋለች። ሴቶቹን ብጠይቅ "ጭሱን መመለስ ጀመረ" ይሉኛል። ወፍ ይሁን ጥቀርሻ ይለያያል፤ ፍጻሜው ግን አንድ ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም እንደሚባለው፣ ምድጃ ቢለዋወጥም የሚከታተለው ካልተገኘ ዓይን አያድንም።

የእኔ አቋም እንግዲህ ይህ ነው፤ ወንፊት የሌለው ጭስ ማውጫ ያልተጠናቀቀ ሥራ ነው። የሚሸጠውም፣ የሚያከፋፍለውም፣ እንደ እኔ ለእናቱ የሚገዛውም ሰው ወንፊቱን እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ምድጃው አካል ሊያየው ይገባል። ለእህሉ ማማ የሠራ ሰው ለእናቱ እስትንፋስ አንድ ክንድ ሽቦ የሚነፍግበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ የእህሉ ኪሳራ በኩንታል ይቆጠራል፣ የእናት ሳል ግን አይቆጠርም። ማሽላው የወንድ ሥራ፣ ጭሱ የሴት ዕጣ ተደርጎ በመወሰዱም ነው። ማሳው በግሪሳ ሲበላ መንደሩ ሁሉ ይጮኻል፤ ማድ ቤቱ በጭስ ሲሞላ ግን አንዲት ሴት ብቻ ዓይኗን በነጠላዋ ታብሳለች።

የሚደረገው ነገር ደግሞ ከባድ አይደለም። ወንፊቱ የብረት ሽቦ ይሁን፤ የፕላስቲክ መረብ በሙቀት ይቀልጣል። ቀዳዳው ከአንድ ሴንቲ ሜትር እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ቢሆን ይበቃል። ከዚያ ከሰፋ ድንቢጥ ታልፋለች፤ እንደ ዱቄት ወንፊት ከጠበበ ደግሞ ጥቀርሻው ራሱ ይደፍነዋል፣ ከወፍ ሽሽት ወደ ባሰ ነገር መግባት ይሆናል። ከወንፊቱ በላይ ጎኑ ክፍት የሆነ የላሜራ ቆብ ቢደረግ ዝናቡን ይከለክላል። ወንፊቱ ተፈትቶ የሚገጠም ይሁን፤ በወር አንድ ጊዜ ወርዶ በበትር መታ መታ ተደርጎ ጥቀርሻው ይራገፍ። ቤተሰቡ ለሥራ ወይም ለጉዞ ለሳምንታት ቤቱን ትቶ ሲመለስ ደግሞ ምድጃው ከመለኮሱ በፊት ቱቦው ይታይ። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ እርሻ ካምፕ ወርዶ የሚከርም ቤተሰብ በበዛበት አገራችን ይህ ምክር ትንሽ አይደለም። ዕለት ዕለት የሚነድድ የዳቦ ቤት ፉርኖ ላይ ወፍ ጎጆ ስትሠራ አላየሁም፤ ወፏ የምትመርጠው ቀዝቅዞ የሰነበተውን ነው።

ጎጆው ከወዲሁ ተሠርቶ ጫጩት ካለበትስ? ትዕግሥት ነው መድኃኒቱ። ድንቢጥ እንቁላል ከታቀፈች ጀምሮ ጫጩቶቿ እስኪበሩ አንድ ወር ገደማ ነው የሚፈጀው። ለአንድ ወር ከጎረቤት ምጣድ መጋራት በእኛ አገር ነውር ሆኖ አያውቅም። ከበረሩ በኋላ ሣሩ ይውጣ፣ ቱቦው ይጠረግ፣ ወንፊቱም በዚያው ዕለት ይታሰር። "ነገ" ከተባለ ወፏ ከነገ ትቀድማለች። አበው "ሳይቃጠል በቅጠል" ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኽ ውሻ ለማንም አልጠቀመም።

ይህን ሐሳብ ለወዳጆቼ ሳነሣ ሦስት መልስ ሰምቻለሁ። የመጀመሪያው "ጭስ እኮ ለቆላ መልካም ነው፤ ትንኝ ያባርራል፣ ምስጥ ይከለክላል" የሚል ነው። የወባና የካላ አዛር አገር ነንና ይህን የሚሉት በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ከትንኝ የሚከላከል አጎበር አለ፤ ከጭስ የሚከላከል አጎበር ግን የለም። ትንኝን ለማባረር ሲባል የእናት ሳንባ ሊገበር አይገባም።

ሁለተኛው "ኤሌክትሪክ ሲመጣ ሁሉም ይቀራል" የሚል ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እኔም እንደ ሰው ሁሉ ተደስቻለሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ በየቤቱ የሚገባበትን ቀን እናፍቃለሁ። ሆኖም ግድቡና ማድ ቤቱ የሚገናኙት በሽቦ ነው፤ ያ ሽቦ ወደ ገጠሩ ጎጆ ሁሉ እስኪደርስ ድረስ የሚነድደው እንጨት ነው። ትልቁን ሽቦ እየጠበቅን ትንሹን ሽቦ መንፈግ ተስፋ አይባልም።

ሦስተኛው መልስ ከሁሉም ይከብዳል። "አገር በጦርነት እየታመሰ አንተ ስለ ወፍ ጎጆ ትጽፋለህ?" አለኝ አንድ ባልንጀራዬ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ በመተማ ዮሐንስ በኩል በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወደ እኛ ተሻግረዋል። በእኛም በኩል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ክልላችን ያየውን መከራ ሁላችን እናውቀዋለን። ለባልንጀራዬ ወዲያው መልስ አላገኘሁለትም። ቆይቼ ግን ያሰብሁት ይህ ነው፤ ቤቱን ጥሎ የተሰደደ ሰው ሲመለስ መጀመሪያ የሚያደርገው እሳት መለኮስ ነው። በጠፋው ጊዜ ቤቱን ወፍ፣ ምስጥና ሸረሪት ይወርሱታል። ሰላም ማለት በአዋጅ የሚነገር ብቻ አይደለም፤ ተመላሽዋ እናት እሳቷን ለኩሳ ጭሱ በትክክለኛው መንገድ ሲወጣ ማየትም ሰላም ነው። ትልቁን ማድረግ ያልቻልሁ እኔ ትንሹን ስለ ምን እተወዋለሁ?

ይህን ሁሉ ከሰበክሁ በኋላ የራሴን ሒሳብ ልዝጋ። ቱቦው ከአጥር ሥር ዝጎ የተቀመጠው ሰባት ወር ያህል ነበር። በእነዚያ ወራት እናቴ በሳል ሌሊቱን ስትነቃ እሰማታለሁ፤ ጠዋት ግን ወደ ሥራ እሮጣለሁ። ጤና ጣቢያ ወስጃት የጤና ባለሙያዋ "ጭስ ይቅርብዎት" ስትላት እናቴ ወደ እኔ አላየችም። ወደ እኔ አለማየቷ ከማንኛውም ወቀሳ ይልቅ ወጋኝ። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ ያንኑ በያጅ ጠርቼ ቱቦውን ገጠምን። ጫፉ ላይ ወንፊት፣ ከወንፊቱ በላይ ቆብ አደረግንበት። የወንፊቱ ዋጋ ከአንድ ምሳዬ ዋጋ ብዙም አይበልጥም ነበር። እናቴ ደግሞ የተሰበረ ገንቦ አንገት አስፈልጋ ከማድ ቤቱ ደጃፍ ከጣሪያው ጥግ ሥር አስሰቀለችኝ። "እሷስ የት ትሂድ?" ነው ያለችው። ዳዊት ወፍ እንኳ ቤት እንዳገኘች የተናገረውን የምትደግም ሴት ናትና ከዚህ ሌላ አልጠበቅሁም።

በመጀመሪያው ቀን ምድጃውን ስትለኩስ ከደጅ ቆሜ ሽቅብ አየሁ። ጭሱ በወንፊቱ ውስጥ አልፎ ቀጥ ብሎ ወጣ። ከውስጥ እናቴ ስትጋግር ሰማኋት፤ ሳል አልነበረም። ገንቦው አንገት ላይ እስከ ዛሬ ማንም ጎጆ አልሠራበትም። እናቴ ግን "ትመጣለች" ትላለች።

የዚያን ማታ የጻፍኋትን አጭር ግጥም አኑሬ ልሰናበት፦

ማሽላዬን ልጠብቅ ማማ ላይ ወጥቼ፣
ወንጭፍ አስተካክዬ ድምፄን አሰምቼ፣
ግሪሳውን ሁሉ ከማሳ አስወጥቼ፣
ለእናቴ ጭስ መውጫ ወንፊቱን ረስቼ፣
ጎተራው ሞልቶልኝ እንጀራዬ በዝቶ፣
እናት ታለቅሳለች ዓይኗን ጭሱ በልቶ።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ጊዜ ወደ ጣሪያው ቀና በሉ። ከዚያም ወደ ማድ ቤቱ ጎንበስ በሉ።

ቸር ይግጠመን።